«በለው!» ሲሏችሁ አትተኩሱ፦ ስውር የተኩስ ጌም በፕሌስቴሽን፣ ከደሴ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ፕሌስቴሽን ቤት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ሦስቱ ቲቪ ላይ ፊፋ ይሄዳል። ጥግ ባለው አራተኛው ቲቪ እኔ ሣር ውስጥ በደረቴ ተኝቻለሁ። አንድ ወታደር ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ከኋላዬ ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ስድስት ልጆች አሉ። «በለው! ምን ትጠብቃለህ? በለው!» ተኮስኩ። ጥይቱ ጮኸ፤ ካላየሁት ድንኳን አምስት ሰው ወጣብኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ሞትኩ። ልጆቹ «ኧረ ይሄ አይችልም» ብለው ወደ ፊፋው ዞሩ።

የከፈልኩት የአንድ ሰዓት ነበር። አርባውን ደቂቃ ያችኑ ሣር ላይ ስሞት ጨረስኩት።

ስውር ጌም፣ ማለትም ሳይታዩ ተደብቆ የሚሄዱበት ጌም፣ የሚያሸንፈን በጣት ፍጥነት አይደለም፤ ጣትማ ከፊፋ ተምረናል። ሰዓት እየቆጠረብን፣ ሰው እየጮኸብን መጠበቅ ነው ያቃተን። እዚህ የምጽፈው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሲጠበቅ ምን እንደሚታይና ጥይቱ በመጨረሻ ሲወጣ እንዴት እንደማይስት ነው። ምሳሌዎቼ ከፒኤስ 4 ናቸው። ሌላ ኮንሶል ያላችሁም አብሽሩ፤ የአዝራሩ ስም እንጂ ዘዴው አይለወጥም።

ከየትኛው ጌም ልጀምር?

ለጀማሪ ስናይፐር ኤሊት 4ን እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሲሆን ታሪኩ በ1943 ጣሊያን ውስጥ ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ በአንዱ መንገድ ካልሆነ በሌላው ይገባል። አንድ ወዳጄ የሚወደው በሌላ ምክንያት ነው። ደሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድባለች፤ ስለዚህ የሙሶሊኒን ወታደር በጌም ባገኘ ቁጥር «ይቺ የአያቴ ናት» ይላል። ቂሙ ግን ኢላማውን አላስተካከለለትም።

ሁለተኛው ሜታል ጊር ሶሊድ 5 ነው፤ ዘ ፋንተም ፔይን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ። የጃፓኑ ሂዲዮ ኮጂማ የመጀመሪያውን ሜታል ጊር የሠራው በ1987 ነው፤ ከመግደል ይልቅ መሰወር እንደሚያዋጣ ብዙ ተጫዋች የተማረው ከእሱ ነው። በአምስተኛው ላይ ጠላት ራሱ ይማራል። ሁልጊዜ ጭንቅላት ከመታችሁ ሄልሜት ማድረግ ይጀምራሉ። ሁልጊዜ ሌሊት ከመጣችሁ የሌሊት መነጽር ይዘው ይጠብቋችኋል። አንድ ዘዴ ብቻ የያዘ ሰው ይቸገራል፤ ለዚህ ነው ሁለተኛ ያደረግኩት።

ጣት ለመግራት ደግሞ እንደ ዘ ላስት ኦፍ አስ ያለ የለም። ክሊከር የሚባሉት ፍጡሮች አያዩም፤ በጆሮ ነው የሚያድኑት። አናሎጉን (ጆይስቲኩ ላይ በአውራ ጣት የሚገፋውን ዘንግ) በጥቂቱ ገፋ ካደረጋችሁት አልፋችኋቸው ትሄዳላችሁ። እስከ ጫፍ ከገፋችሁት አበቃ። የ2016ቱ ሂትማን ግሩም ጌም ነው፤ ግን ኢንተርኔት ይወዳል። መስመር ሲቋረጥ ጨዋታውን ትቶ ወደ ሜኑ ይመልሳችኋል። ኔትወርክ በማይታመንበት ሰፈር ይቆያችሁ።

ሁሉም የአዋቂ ጌሞች ናቸው። ታናሽ ወንድም አጠገባችሁ ከተቀመጠ ፊፋ ክፈቱለት።

ሰዓትና ቦታ

ጌም ቤት ከሆነ በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት ተነጋገሩ። ቅዳሜና እሁድን ተዉት። የሥራ ቀን ጠዋት፣ ተማሪው ክፍል ሲገባ፣ ቤቱ ጭር ይላል። ከተቻለ ሁለት ተከታታይ ሰዓት ያዙ። ግማሽ ሰዓት ለዚህ ጌም አይሆንም፤ ጠባቂዎቹን ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ «አለቀ» ትባላላችሁ። ባለቤቱንም የራሳችሁን ዩዘር እንዲከፍትላችሁ ለምኑት። በአንድ ዩዘር ሁሉም ሰው ሲጫወት ሴቫችሁ (የደረሳችሁበት የተቀመጠበት) ላይ ሌላው ይጽፍበታል። እኔ ስድስተኛ ሚሽን ላይ ያለ ሴቭ እንዲህ አጥቻለሁ፤ ማን እንዳጠፋው እስካሁን አላወቅኩም።

ቲቪና ድምፅ

የጌም ቤት ቲቪ ለፊፋ ነው የሚስተካከለው፤ ሣሩ እንዲያበራ። ስውር ጌም ግን ጥላ ነው። በቲቪው ሜኑ ፒክቸር ሞድ ውስጥ ገብታችሁ «ጌም» የሚለውን ምረጡ። ጆይስቲኩን በመንካትና ስክሪኑ ላይ በማየት መሃል ያለው መዘግየት ይቀንሳል። ቀጥሎ በጌሙ ኦፕሽን ውስጥ ያለው ብራይትነስ አለ። ብዙ ጌሞች አንድ ምልክት አሳይተው በጭንቅ እስኪታይ ድረስ ቀንሱት ይላሉ። እሺ በሏቸው። ብርሃኑን ለቃችሁ ከተጫወታችሁ የትኛው ጥግ ጨለማ እንደሆነ አታውቁም። የምትደበቁት ደግሞ እዚያ ነው።

ከምስሉ ይልቅ ግን ድምፁ ይበልጣል። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ሥሩ ላይ የስልክ ኢርፎን የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ኢርፎኑን ሰክታችሁ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ ኦዲዮ ዲቫይስስ ውስጥ ግቡ። «አውትፑት ቱ ሄድፎንስ» የሚለውን «ኦል ኦዲዮ» አድርጉት። አሁን የወታደሩ ጫማ ከግራ ይሁን ከቀኝ ትሰማላችሁ። የጌሙን ሙዚቃ ቀንሱ፤ የእግሩንና የንግግሩን ድምፅ ተዉት። የልጆቹ «በለው!»ም በዚያው ይቀንሳል።

ቤት ለምትጫወቱ ሌላም ምክንያት አለኝ። የ2014 ዓ.ም.ን ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ያሳለፈ ሰው፣ በግድግዳ በኩል የሚመጣ ተኩስ የጌም ይሁን የእውነት ብሎ መደንገጥ የለበትም። ጎረቤታችን እማማ አንድ ማታ በር አንኳኩተው «ልጄ፣ ቀንሰው» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ኢርፎን አልከፍትም።

ጆይስቲክ

ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ሁለቱንም አናሎግ ልቀቁና ስክሪኑን እዩ። ማንም ሳይነካው ካሜራው የሚዞር ከሆነ አናሎጉ አርጅቷል። ሌላ ጠይቁ። ሌላ ከሌለ፣ ጌሙ «ዴድ ዞን» የሚል ኦፕሽን ካለው ትንሽ ከፍ አድርጉት። ያን ጊዜ ጌሙ ትንንሹን መንቀጥቀጥ ይንቀዋል።

ሴንሲቲቪቲ (አናሎጉ ሲነካ ካሜራው የሚዞርበት ፍጥነት) ላይ ልጆች ሁሉ ከፍ ያደርጋሉ። ፈጣን ስለሚመስል። መለኪያው ይኼ ነው፦ ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ምረጡ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተራመዳችሁ ኢላማውን ነጥቡ ላይ ለማቆየት ሞክሩ። ኢላማው ነጥቡን እያለፈ የሚሄድ ከሆነ ቀንሱ። እየጎተተ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ ጨምሩ። ብዙ ጌሞች ለመዞሪያና ለማነጣጠሪያ የተለያየ ቁጥር አላቸው፤ የማነጣጠሪያው ዝቅ ይበል። ኤይም አሲስት (ጌሙ ራሱ በማነጣጠር የሚያግዝበት) ካለ ክፈቱት። በታሪክ ጌም ያለ አሲስት ተጫወትኩ ብሎ የተሸለመ ሰው አላየሁም።

መጀመሪያ ሆን ብላችሁ ተያዙ

ይህ እርምጃ ለብዙ ሰው ሞኝነት ይመስለዋል። አዲስ ጌም ስትጀምሩ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለመያዝ ተጫወቱ። አንድ ጠባቂ ፊት ከሩቅ ቁሙ። ከምን ያህል ርቀት ነው የሚያየው? ጎንበስ ብላችሁ ድገሙት። ተኝታችሁ ድገሙት። ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ መብራት ስር። ከኋላው ሩጡ፣ ከዚያ ተራመዱ።

የምታጠኑት የጠባቂውን አመል ነው። አብዛኛው ጊዜ አራት አመል አለው። ዘና ብሎ ይዞራል። አንድ ነገር ካየ ወይም ከሰማ ይጠረጥራል፤ በራሱ ላይ ወይም በስክሪኑ ላይ ምልክት መሙላት ይጀምራል። ምልክቱ ሳይሞላ ከጠፋችሁ መጥቶ ቦታውን ያያል፣ ይፈልጋል። ከሞላ ይተኩሳል፣ ሰው ይጠራል።

ጀማሪ ምልክቱ መሙላት ሲጀምር ደንግጦ ይተኩሳል። ስህተቱ እዚህ ነው። መጠርጠር መያዝ አይደለም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትሉ፣ ግድግዳ ጀርባ ብትገቡ፣ «ነፋስ ነው» ብሎ ይመለሳል። እንዲያውም የጠረጠረ ጠባቂ ስጦታ ነው። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ብቻውን ወደ እናንተ ይመጣል። ድንጋይ ወይም ጠርሙስ የሚወረወረው ለዚህ ነው፤ ሰውን ከብርሃን ወደ ጨለማ ለመጥራት።

ቁጠሩ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወርድ ጥሩ ሾፌር መታጠፊያው ላይ ሳይደርስ ጥሩንባ ይነፋል። ከታች የሚመጣውን ስለማያይ ነው። በጌም ጥሩንባው ቀርቶ ጥንቃቄው ይወሰዳል። ከጀርባ በሚታይ ጌም ካሜራው ከሰውነታችሁ ይቀድማል። ጥግ ላይ ቁሙና የቀኙን አናሎግ አዙሩ፤ እናንተ ግድግዳ ጀርባ እያላችሁ ካሜራው ጥጉን አልፎ ያያል። ጠባቂው ግን አያያችሁም። ሐረጎ ላይ እንዲህ ያለ ካሜራ ቢኖር ስንት ሰው በተረፈ።

ቦታው ላይ ስትደርሱ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ መነጽሩን አውጡ። ሜታል ጊር 5ም ስናይፐር ኤሊት 4ም በመነጽር ያያችሁትን ጠባቂ ምልክት ያደርጉበታል፤ ከዚያ በኋላ ከግድግዳ ጀርባም ቢሆን የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ስንት ናቸው? ማን ይቆማል፣ ማን ይዞራል? የሚዞረውን ሁለት ሙሉ ዙር ተከታተሉት። በመጀመሪያው ዙር ቀጥ ብሎ ያለፈው ሰው በሁለተኛው ሲጋራ ሊያጨስ ይቆማል። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፦ «ከበርሜሉ እስከ በሩ ዘጠኝ፣ በሩ ላይ አራት ይቆማል፣ ይመለሳል።» ዘጠኝ ቆጠራ ካለኝ ሜዳውን ለማለፍ ስንት እንደሚፈጅብኝ አውቃለሁ።

ድንኳንና ቤት ካለ ውስጡ ሰው አለ ብላችሁ ያዙ። ፒያሳ ላይ የገደለኝ ያልቆጠርኩት ድንኳን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

እግርና ድምፅ

መብራት ሲጠፋ ፒያሳ በጄኔሬተር ይሞላል። አጠገባችሁ የቆመ ሰው የሚለውን አትሰሙም። ስናይፐር ኤሊት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። በሜዳው ላይ ጄኔሬተር አለ፤ ሄዳችሁ ታበላሹታላችሁ፣ መጮህ ይጀምራል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ የተተኮሰ ጥይት አይሰማም። አውሮፕላን ሲያልፍ ወይም መድፍ ሲተኮስም እንደዚያው ነው። ስክሪኑ ላይ የድምፅ ምልክት ይወጣል። ምልክቱ እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ፤ ሲወጣ ትተኩሳላችሁ። ይህን የተማርኩ ቀን ዝም ብዬ ሳቅኩ። የጄኔሬተር ጥቅም ለደሴ ልጅ ሊነገረው ነው?

ለእግር ሕጉ ቀላል ነው። ከጠባቂ ርቃችሁ ሩጡ፣ ቀርባችሁ ጎንበስ በሉ፣ በጣም ስትቀርቡ አናሎጉን በጣት ጫፍ ብቻ ግፉ። ሣርና አፈር ዝም ይላሉ። ውሃ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ መስታወት ያሳብቃሉ።

ማን ይቅደም?

አንድን ሰው ከመምታታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ሰው አሁን ማን ያየዋል? መልሱ «ማንም» ከሆነ እሱ ይቀድማል። ብዙ ጊዜ እሱ ዳር ላይ ያለው ወይም ከሁለቱ ኋላ የሚሄደው ነው። ሬሳ ካገኙ ካምፑ ሁሉ ይነሳል፤ ስለዚህ ጎትታችሁ ሣር ውስጥ ወይም ቤት ውስጥ ደብቁት። በሜታል ጊር 5 የካምፑን የመገናኛ አንቴና ካፈረሳችሁ ከሌላ ካምፕ እርዳታ መጥራት አይችሉም። የሚያስተኛው ሽጉጥም አለ፤ ግን የተኛ ሰው ይነቃል። የተኩሱን ድምፅ የሚያፍነው ሳይለንሰሩም ሲተኮስበት ያልቃል፤ ቁጥሩን እያያችሁ ተኩሱ።

ሁሉንም መግደል ግዴታ አይደለም። ሃያ ሰው ባለበት ካምፕ ሁለቱን ብቻ ነክቼ ፋይሉን ይዤ የወጣሁበት ቀን አለ። ከኋላዬ ያለው ልጅ «አሁን ይሄ ጌም ነው?» አለኝ። ነው።

አሁን ተኩሱ

ኤል 2 ያነጣጥራል፣ አር 2 ይተኩሳል፤ በአብዛኞቹ ጌሞች እንዲህ ነው። ጀማሪ ኤል 2 ተጭኖ ከዚያ ሰውየውን ይፈልጋል። ገልብጡት። ገና ስትራመዱ የስክሪኑ መሃል የሰው ጭንቅላት በሚወጣበት ከፍታ ላይ ይሁን። ወደ በር ስትቀርቡ መሬቱን አትዩ፤ የበሩን ጠርዝ፣ በጭንቅላት ልክ። ሰውየው ሲወጣ ራሱ ኢላማው ውስጥ ይገባል።

የመጨረሻዋን ትንሽ ማስተካከያ በቀኝ አናሎግ አታድርጓት። ቀኙ ያልፋል፣ ትመልሱታላችሁ፣ እንደገና ያልፋል። የግራውን አናሎግ ነካ አድርጋችሁ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ብትሉ ኢላማው ቀስ ብሎ ይገባል። አንድ ሳምንት ሞክሩት፤ እኔን የለወጠኝ ይህ ነው።

አውቶማቲክ መሣሪያ ስትይዙ አር 2ን ይዛችሁ አትቅሩ። ሁለት ሦስት ጥይት፣ ልቀቁ፣ እንደገና። መሣሪያው ወደ ላይ ይረግጣል፤ ስትተኩሱ የቀኙን አናሎግ በትንሹ ወደ ታች ሳቡ። ሁለት ጥይት ተኩሶ ወዲያው ሪሎድ ማድረግ ሁላችንም ያለብን አመል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም እዚያች ላይ ነው። ሪሎድ ግድግዳ ጀርባ ነው። ፊት ለፊት ጥይት ካለቀባችሁ ወደ ሽጉጥ ቀይሩ፤ መሣሪያ መቀየር ከመሙላት ይፈጥናል።

ስናይፐር ላይ ትንፋሽ አለ። ሮጣችሁ መጥታችሁ ወዲያው ካነጣጠራችሁ የልብ ምታችሁ ከፍ ብሎ መነጽሩ ይወዛወዛል። ተኙ፣ ምቱ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ትንፋሽ ያዙ፣ ከዚያ ተኩሱ። በቀላሉ ደረጃ ጥይቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ደረጃውን ስታከብዱት ስበት ይመጣል፤ ሩቅ ላለ ሰው ከጭንቅላቱ በላይ ታነጣጥራላችሁ። በከባዱ ደረጃ ነፋሱም ይጨመራል። ቆሞ የሚያወራ ሰው ካለ የሚራመደውን ተዉት። ከአንድ ቦታ ደግማችሁ አትተኩሱ፤ ድምፁን ተከትለው ይመጣሉ። ተኩሱ፣ ተነሱ፣ ዙሩ።

ከተያዛችሁ

አትዋጉ፤ ጥፉ። ሜታል ጊር 5 ስትታዩ ለአፍታ ጊዜውን ያዘገየዋል። በዚያች አፍታ ያያችሁን ሰው ብቻ ምቱ፣ ሌላውን አትዩ። ካልሆነ መሃላችሁ ግድግዳ አስገቡ። ጠባቂዎች የሚሮጡት እናንተ ወዳላችሁበት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ወዳዩዋችሁ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ስፕሊንተር ሴል ኮንቪክሽን ያንን ቦታ በነጭ ጥላ አድርጎ በስክሪን ያሳይ ነበር። ሌላው ጌም ባያሳያችሁም ጥላው እዚያ አለ ብላችሁ አስቡ። እነሱ ጥላውን ሲከቡ እናንተ በጎን ዞራችሁ ከኋላቸው ናችሁ።

ሙቀትና መብራት

ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ልጅ «የጠባቂዎቹ እግር አይሰማኝም» ብሎ ደወለልኝ። ሄጄ ሳየው ፒኤሱ ከግድግዳ ጋር ተለጥፏል፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ተነጥፏል። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ደሴ ብርድ ነው፣ ይሸፍንልናል፤ ኮምቦልቻ ወርዶ ሙቀት ነው። ዳንቴሉን አነሳን፣ ከግድግዳው ሁለት ስንዝር አራቅነው፣ አቧራውን ጠረግን። እግሩ ተሰማ። አክስቴ ስለ ዳንቴሉ እስካሁን አኩርፋለች።

መብራት መጥፋቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ጌሙ በራሱ ሴቭ በሚያደርግበት ቼክፖይንት ላይ ብቻ አትመኩ። ጌሙ በእጅ ሴቭ የሚፈቅድ ከሆነ ከእያንዳንዱ ካምፕ በፊት ሴቭ አድርጉ። ሬስት ሞድ (ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የሚያርፍበት) ላይ ትታችሁት አትሂዱ። ብርቱካናማው መብራት እየበራ መብራት ቢጠፋ በድንገት እንደተነቀለ ነው። ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ ከሶኬቱ ንቀሉት።

ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ኮንሶሉ እየተንቀራፈፈ ወይም ጌም አላገኝ እያለ ካስቸገረ ሴፍ ሞድ የሚባል የጥገና ሜኑ አለ። ኮንሶሉን አጥፉ። የማብሪያውን አዝራር ተጭናችሁ ያዙት፤ አንዴ ጢጥ ይላል፣ ከሰባት ሰከንድ ያህል በኋላ ሁለተኛ ጢጥ ሲል ልቀቁ። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙ፣ የፒኤስ አዝራሩን ተጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር አምስተኛውን፣ «ሪቢልድ ዳታቤዝ» የሚለውን ምረጡ። ጌማችሁንም ሴቫችሁንም አይነካም። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ግን እንዳትነኩ፤ ሁሉንም ያጠፋሉ። ጌም የበዛበት ኮንሶል ጊዜ ይወስዳል። ያን ሰዓት ደግሞ መብራቱ እንዳይጠፋ ነው።